ዕዳ እያለብን አሥራት እንስጥ ወይስ አንስጥ? ከባለቤቴ ጋር መስማማት አቅቶናል

የሁለት ልጆች እናት | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ብዙ ጊዜ እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።

እኔ በግል ክሊኒክ ነርስ ነኝ። እጄ ላይ የሚደርሰው 12,600 ብር ነው። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሥራው በኮንትራት ስለሆነ አንዱ ወር ሞልቶ ሌላው ይጎድላል። በአማካይ 15,000 ብር ወደ ቤት ያመጣል። አየር ጤና አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ትልቋ ልጄ ትምህርት ጀምራለች፤ ትንሿ ገና ዓመቷ ነው።

ከተጋባን ጀምሮ አሥራት አቋርጠን አናውቅም። ደመወዝ እንደገባ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ለይቶ ፖስታ ውስጥ ማስገባት ነው። ከእናቴ የተማርኩት ነው። እናቴ እንቁላል ሸጣ ከምታገኛት እንኳ ከ10 አንዷን ለይታ በመቀነቷ ትቋጥር ነበር።

አሁን ግን ዕዳው በዛ። ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም 60,000 ብር አለብን፤ ትንሿ በኦፕራሲዮን ስትወለድ ያበደረን ነው። እቁቡን ቀድመን ወስደን ገና የ14 ወር ክፍያ ይቀረናል፣ በወር 3,000። በስልክ የወሰድነው ብድር 8,000 ደርሷል። ሰፈራችን ካለችው ባለሱቅ ደግሞ የ4,500 ብር ዱቤ አለብን። ሦስት ወር አልፎታል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለሱቋ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ስለ ብሩ ምንም አላነሳችም። "እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?" ብቻ አለችን። እኔ ግን በዚያው ጠዋት 2,760 ብር በፖስታ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ "የሰው ገንዘብ ይዘን ለእግዚአብሔር ሰጠን ማለት አንችልም፣ ዕዳው እስኪያልቅ እናቁም" ይላል። እኔ ደግሞ ሚልክያስ 3 ላይ "ሰው እግዚአብሔርን ይሰርቃልን?" የሚለው ከአእምሮዬ አይጠፋም። ባቆምና ልጆቼ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? እባካችሁ በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ሽሮ ሜዳ | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ አታቋርጪ። እኔ የሀገር ልብስ ነጋዴ ነኝ። በኮሮና ጊዜ ሰርግ ሁሉ ሲቀር ሥራዬ ቆሞ ነበር። በሳምንት አንድ ነጠላ የሸጥኩበት ጊዜ አለ። ከዚያችም ከፍያለሁ። ምሳሌ 3፥9 "በኩራት" የሚለው መጀመሪያ የሚወጣውን ነው። ከተረፈ ብቻ የምንሰጥ ከሆነማ መቼም አይተርፍም። የሰራፕታዋ መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር፤ ከእሱ ነው መጀመሪያ ለኤልያስ የጋገረችው። ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቆርጠው የእግዚአብሔርን ነው፤ በኋላ ልምድ ሆኖ ይቀራል። እኔ የምፈራልሽ እሱን ነው። ዕዳውን እግዚአብሔር ያቃልለዋል፣ አይዞሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ጠዋት

እኔ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ ሜሪላንድ ነኝ። ታሪካችን ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ልናገር።

ለሁለት ዓመት አሥራቴን የምከፍለው በክሬዲት ካርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በስልክ መስጫ አላት፤ ካርዱን አስገብተሽ ትነኪያለሽ፣ አለቀ። እኔም ታማኝ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን የካርዱን ወረቀት አውጥቼ ሳየው ወለዱ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። በየወሩ የምከፍለው ትንሿን ግዴታ ብቻ ስለነበር ዋናው ዕዳ አልቀነሰም። ለካ ስሰጥ የነበረው ከራሴ አልነበረም። የባንኩን ገንዘብ ነበር የምሰጠው፣ ወለዱን ደግሞ ልጆቼ ይከፍሉ ነበር።

2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12ን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያነበብኩት። ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ይላል። ሽሮ ሜዳ ወንድሜ ያነሣሃት የሰራፕታዋ መበለት እኮ ዱቄቱ የራሷ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሒሳብ ያዥ | ረቡዕ ምሳ ሰዓት

እህቴ፣ አሥራቱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወር ሙሉ የምታወጡትን ጽፈሽ ታውቂያለሽ? ቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ሁሉንም። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ብሏል። ተቀምጦ የሚለውን ልብ በይው። ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ተቀመጡና ቁጥሩን አምጪልን። ብቻሽን አትጻፊው።

የሁለት ልጆች እናት | ሐሙስ ማታ

ጻፍነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስከ 6 ሰዓት ሌሊት ተቀመጥን።

ኪራይ 9,000። እቁብ 3,000። አስቤዛ ከነጤፉ 9,500 ገደማ። የልጄ ትምህርት ቤት 2,400። የሁለታችን ታክሲ 2,200። ለእናቴ ገጠር 1,500 እልካለሁ። መብራት፣ ውሃና ካርድ 900። እድር 100። አሥራት 2,760። ሲደመር 31,360 ብር መጣ። የሚገባው 27,600 ነው። 3,760 ብር በየወሩ ይጎድላል ማለት ነው። ከየት ይሞላ ነበር ብዬ ሳስብ ከሱቅና ከስልኩ ብድር ነው። ይህን በቁጥር አይቼው አላውቅም ነበር።

ሒሳብ ያዥ | ሐሙስ ማታ

ጎበዞች ናችሁ። ይህን ያህል በግልጽ መጻፍ ቀላል አይደለም።

አሁን እዩት። አሥራቱን ዛሬ ብታቆሙ ከወጪው 2,760 ይቀንሳል። ጉድለቱ ግን 3,760 ነው። አሁንም 1,000 ብር ትጎድላላችሁ። ስለዚህ ባለቤትሽ ያለው ብቻውን ከዕዳ አያወጣችሁም። አንቺ ያልሽውም አያወጣችሁም። ስትከራከሩ የነበረው በአንድ ቀዳዳ ነው፤ ቤቱ ግን ሌላም ቀዳዳ አለው።

ሁለት ነገር ልጨምር። "በአማካይ 15,000" የሚለው አሳሳች ነው። ዝቅተኛው ወር ስንት ነው? 9,000 ከሆነ ቤቱ በዚያ ወር ምን ይበላል? የሞላው ወር ትርፍ ለጎደለው ወር ተለይቶ ካልተቀመጠ በሞላው ወር እንደ ሀብታም ትኖራላችሁ፣ በጎደለው ትበደራላችሁ። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገው ይህንኑ ነው። በጥጋቡ 7 ዓመት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። ሕልሙን የፈታው በእግዚአብሔር መንፈስ ነው፤ ጎተራውን የሞላው ግን በዕቅድ ነው።

ሁለተኛ፣ የስልኩን ብድር ተጠንቀቁት። ከፍሎ መልሶ መውሰድ ልምድ ይሆናል። በየጊዜው የሚቆረጠው ክፍያ ትንሽ ስለሚመስል ማንም አይደምረውም። እስቲ የዓመቱን ደምሩት።

ሰበካ ጉባኤ | ዓርብ ጠዋት

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ጉዳዩ የሁላችንም ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለንስሐ አባት ይነገራል። አንቺም ለቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌ ወይም መጋቢ ቤታችሁን ግልጽ አድርገሽ ንገሪ። ብዙ ሰው ኃጢአቱን ይናገራል፣ የገንዘቡን ሁኔታ ግን ይደብቃል።

አሥራት በኦሪት ምን እንደነበረ እናስታውስ። ዘዳግም 14 ላይ አሥራቱ እህል፣ ወይንና ዘይት ነው። በየሦስት ዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው በከተማው በር ይቀመጥና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ወላጅ የሌለውና መበለቲቱ ይበሉ ነበር። ከጓዳ ያለፈው ተመልሶ የተራበ ሰው ጓዳ ይገባ ነበር ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም የክርስቶስ ማዕድ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ እሱ ራሱ በረሀብ ቢሞት ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል። ባለሱቋም ልጆች ይኖሯታል። የእሷ 4,500 ብር ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ የወሰደችው ሊሆን ይችላል።

ደግሞ መስጠት በብር ብቻ አይደለም። አንቺ ነርስ ነሽ። በሰፈራችሁ ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ደም ግፊታቸውን ብትለኪላቸው እግዚአብሔር አይቆጥረውም?

ጡረተኛው | ዓርብ ከሰዓት

ልጄ፣ 31 ዓመት ባንክ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእቁብ ፀሐፊም ነበርኩ። ሰው በዕዳ ምክንያት ጎረቤቱን ሸሽቶ ሰፈር ሲለቅ ብዙ አይቻለሁ።

ለባለቤትሽ ወንድም ያለባችሁን 60,000 መቼ እንከፍላለን ብላችሁ ነግራችሁታል? ወይስ ዝም ነው? እኔ እንዳየሁት ዘመድን የሚያጣላው ዕዳው አይደለም፣ ዝምታው ነው። አበዳሪው "ረሱኝ" ይላል፣ ተበዳሪው አፍሮ ስልክ አያነሣም። ማቴዎስ 5፥23 ላይ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። መባውን ጣለው አላለም። ተወው፣ ታረቅ፣ ተመልሰህ አቅርበው ነው ያለው። ደውሉለት። በወር 1,000 እንኳ ቢሆን ቀኑንና መጠኑን ተነጋገሩ።

እቁብ ቀድሞ የወሰደ ሰው ደግሞ ተበዳሪ መሆኑን አይርሳ። ገንዘቡ "የራሴ ነው" የሚያሰኝ ስሜት አለው። የራስ የሚሆነው የመጨረሻው ዕጣ ሲወጣ ነው።

አዲስ አባል | ዓርብ ማታ

እናትሽ ጋ የምትልኪውን 1,500 ለጊዜው ብታቆሚውስ? ለአንድ ዓመት ብቻ። ሊቆም የሚችለው ወጪ እሱ ይመስለኛል።

ከዱባይ | ዓርብ ማታ

አይ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ የገሠጻቸው እኮ ወላጆቻቸውን የሚረዱበትን "ቁርባን ነው"፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብለው የሚከለክሉትን ነው። እናት አትነካም።

ግን እህቴ፣ እኔም የምነግርሽ አለኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለሦስት ዓመት ያገኘሁትን በሙሉ ለወንድሜ ላክሁ። ለቤት መሥሪያ እያጠራቀመልኝ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ምንም የለም። ለሰርግ ወጣ፣ ለበዓል ወጣ፣ ለታመመ ወጣ። ሰረቀኝ አልልም። ያልተነገረ ገንዘብ ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት ያገኝለታል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን የምልከው ድርሃም በብር እጥፍ ያህል ሆነ፤ ቤተሰቤም የበለጠ የላክሁ መሰላቸው። ዕቃውም አብሮ ስለወጣ ያው ሆነ።

አሁን ስልክ ደውዬ በግልጽ እናገራለሁ። ይህ ለእማዬ ነው፣ ይህ በእኔ ስም የሚቀመጥ ነው፣ ይህን ያህል ደግሞ ለነዳያን ነው እላለሁ። መጀመሪያ ተቀየሙኝ። አሁን ለመዱት።

የሁለት ልጆች እናት | እሑድ ማታ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው።

ዓርብ ማታ ደብተሩን እንደገና ስንከፍት ዝም አለ። ከዚያ ነገረኝ። ለካ ከአንድ ዓመት በፊት ለጓደኛው የእቁብ ዋስ ሆኖለት ነበር። ጓደኛው ዕጣውን ወስዶ ጠፋ። ባለቤቴ ከሥራው በወር 2,000 ብር እየከፈለለት ነው፣ ገና 5 ወር ይቀረዋል። 15,000 ያልኳችሁ ከዚያ የተረፈው ነው። እኔን ላለማስጨነቅ ብሎ ደበቀኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሲያለቅስ ሳየው አሳዘነኝ። አሥራቱን እናቁም ሲለኝ የነበረው እምነት አንሶት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ብቻውን ሸክም ተሸክሞ ነው የሚናገረው። በእኔና በእሱ መሃል ስንት ወር እንዲህ ሆኖ ኖሯል።

ጡረተኛው | እሑድ ማታ

ልጄ፣ ባልሽን እንኳን ተናገረ በይልኝ። ምሳሌ 6 የሚጀምረው በዋስ ነገር ነው። በአፍህ ቃል ከተጠመድህ ሂድ፣ ባልንጀራህን ነዝንዘው፣ እንደ ሚዳቋ ከወጥመድ አምልጥ ይላል። በዝምታ ክፈል አይልም። የእቁቡ ዳኛ ጋ ሂዱ። የልጁን ቤተሰብ ጠይቁ። ሽማግሌ ላኩ። ያፈረ ሰው ይሸሻል፣ አባቱ ግን አይሸሽም።

አዲስ አባል | ሰኞ ጠዋት

ስለ እናት ያልኩትን መልሻለሁ፣ ይቅርታ እህቴ። ጋሼ፣ እርስዎ ባንክ ስለሠሩ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ባንክ ላስቀመጥነው የሚከፈለን ወለድ ኃጢአት አይደለም?

ጡረተኛው | ሰኞ ጠዋት

ባጭሩ ልመልስልህ። ዘጸአት 22፥25 የሚከለክለው ለድሃ አበድሮ ወለድ መጫንን ነው። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በ17ኛው ቀኖናው በወለድ የሚያበድር ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ወስኗል። በሌላ በኩል ማቴዎስ 25፥27 ላይ ጌታ በምሳሌው ገንዘቤን ለለዋጮች ሰጥተህ ከትርፉ ጋር በወሰድሁት ነበር የሚል ጌታ አቅርቧል። እንደ እኔ የሚያስፈራው አራጣ ነው። ጎረቤትህ ልጁ ታሞበት 10,000 ብትሰጠውና 13,000 አምጣ ብትለው ያ ደም ነው። በ2014 ግን የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ ይጀምር ነበር፤ ኑሮው በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ተወዷል። ቆጣቢው ማንንም አልበዘበዘም፣ የራሱም ቀልጦበታል።

ሽሮ ሜዳ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስጽፍልሽ ይህን ሁሉ አላወቅሁም ነበር። "ዕዳውን እግዚአብሔር ያቃልለዋል" ብዬ በቀላሉ ማለፌ ልክ አልነበረም። በቀደም 2ኛ ነገሥት 4ን እያነበብኩ ነበር። ኤልሳዕ ዘይቱ ከበዛ በኋላ ለመበለቲቱ ምን አላት? ሽጪና ለባለ ዕዳው ክፈዪ፣ ከተረፈው አንቺና ልጆችሽ ብሉ። ተአምሩ ራሱ ለአበዳሪ ነው የዋለው። ይህን ክፍል ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እንዲህ አላየሁትም።

አሁንም ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ከ10 በመቶ ወደ ምንም አትውረጂ። 100 ብርም ይሁን፣ ደመወዝ በገባ ዕለት መጀመሪያ የምትወጣ ትሁን። እጅሽ መዘርጋቱን እንዳይረሳ።

የሁለት ልጆች እናት | ከ4 ወር በኋላ

ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስትጠይቁኝ ነበር፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ሁለታችንም ሄደን አነጋገርናቸው። ደብተሩን አሳየናቸው። ዝም ብለው አነበቡትና "የሱቋን መጀመሪያ ክፈሉ" አሉን። ሌላ ብዙ አላሉም። ከዚያ ተነሥተው ጸለዩልን።

የጠፋው ጓደኛ አባት ሽማግሌ ሲሄድባቸው ግማሹን ለመክፈል ተስማሙ። በወር 1,000 ብር ተመለሰልን። ባለቤቴ ምሳውን ቋጥሮ ይሄዳል። ጤፍ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነን በኩንታል እየገዛን እንካፈላለን። ለበዓልም በቅርጫ ገባን እንጂ በግ አልገዛንም። በወር 1,800 ብር ያህል ቀነሰልን።

ባለሱቋ ጋ ራሴ ሄድኩ። ደመወዝ በገባ ማግስት 1,300 ብር እሰጥሻለሁ አልኳት። ሦስተኛው ወር ላይ "ይበቃል፣ የቀረውን ስታገኙ" አለችኝ። እምቢ ብዬ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩላት። ቡና አፍልታ አስቀመጠችኝ። ከሦስት ወር በላይ ቤቷ አልገባሁም ነበር።

ባለቤቴ አንድ ወር ጥሩ ሥራ አግኝቶ 24,000 አመጣ። ሒሳብ ያዥ፣ ለጎደለው ወር አስቀምጡ ብለኸን ነበር፤ እኛ ግን የስልኩን ብድር ዘጋንበት። የሚቆረጠውን ስንደምረው ስለደነገጥን ነው። ከዚያ ወዲህ አልነካነውም። ለታላቅ ወንድሙም ደወልን። "እኔ እኮ የተቀየማችሁኝ መስሎኝ ነበር" አለን። የእቁቡ ክፍያ ሲያልቅ በወር 3,000ውን ለእሱ ልናዞር ተስማምተናል።

ፖስታው አልቆመም። አሁን የምናስገባው 500 ብር ነው። ከመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመሪያው ብር። ባለቤቴ ራሱ ነው የሚያስገባው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ሦስት እናቶች ቤት እየገባሁ ደም ግፊታቸውን እለካለሁ።

ወደ 10 በመቶ መቼ እንመለስ በሚለው አሁንም አልተስማማንም። እሱ የወንድሙ ዕዳ ሲያልቅ ይላል። እኔ እቁቡ እንዳለቀ፣ ግማሽ ግማሽ ማድረግ እፈልጋለሁ። ግን አሁን ደብተሩን ከፍተን ነው የምንነጋገረው። ሒሳብ ያዥ፣ ያ የጎደለው ወር መጥቷል፣ በዚህ ወር 9,500 ነው ያስገባው። ከሱቋ የተረፈችው 700 ብር ብቻ አለችን። ያንተ ምክር ቢኖር ማታ እንጠብቅሃለን።